ከመስክ ደብተር እስከ ሰርቨር፦ የምርምር ዳታና ሶፍትዌር ባለሙያዎች ታሪክ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ

የምርምር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በግኝቱና በአግኚው ስም ነው። አንድ የበቆሎ ዝርያ ሲለቀቅ አዳቃዩ፣ አንድ የሰብል በሽታ ሲለይ የዘርፉ ሊቅ፣ አንድ ጥናት ሲታተም ደራሲዎቹ ይታወሳሉ። ልኬቱን የመዘገበው፣ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው፣ ስሕተቱን ያረመው፣ ስሌቱን የሚያከናውነውን ፕሮግራም የጻፈውና ውጤቱ ከብዙ ዓመት በኋላ እንዲገኝ አድርጎ ያስቀመጠው ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ እምብዛም ቦታ አይሰጠውም። ይህ ሰው በየዘመኑ መዝጋቢ፣ የመስክ ረዳት፣ ዳታ ኢንኮደር፣ የባዮሜትሪ ባለሙያ ወይም ሲስተም አድሚኒስትሬተር ሲባል ኖሯል። ዛሬ በዓለም የምርምር ተቋማት ሥራው በሁለት ዋና ዋና ሙያዎች እየተደራጀ ነው። አንደኛው ዳታ ስቲዋርድ ሲሆን፣ የምርምር ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ከሚወጣው ዕቅድ አንሥቶ ለሌላ ተመራማሪ እስኪተላለፍ ድረስ በጥራትና በሥርዓት እንዲያዝ ኃላፊነት የተሰጠው ባለሙያ ነው። ሁለተኛው የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ ሲሆን፣ የጥናቱን ጥያቄ ተረድቶ ለዚያ ጥያቄ የሚሆነውን ፕሮግራም የሚጽፍ፣ የሚፈትሽና የሚንከባከብ ባለሙያ ነው።

የእነዚህን ሙያዎች አመጣጥ በምዕራብ ሸዋ መከታተል የሚቻለው፣ አካባቢው በኢትዮጵያ ውስጥ ረጅም የምርምር ዕድሜ ካላቸው ቦታዎች አንዱ በመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ኦሎንኮሚ፣ ግንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ በተርታ ይገኛሉ። ሆለታ በኋላ በተደረገ የአስተዳደር ለውጥ ከዞኑ ብትወጣም፣ በምርምር ታሪኳ ከእነዚህ ከተሞች አትለይም። በዚህ መስመር ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዝናብ፣ አፈር፣ ምርት፣ በሽታና ወተት ሲለካ ቆይቷል። የሚለካው ነገር ብዙ ቢሆንም፣ ልኬቱን ለሚጠብቀው ባለሙያ የሚገባው መደብና የዕድገት መሰላል ግን በእኩል ፍጥነት አልተዘረጋም፤ ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክም ዳታን ማቆየት የሚቻለው ባለሙያውን ማቆየት ሲቻል ብቻ መሆኑን ደጋግሞ የሚያሳይ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ማብራሪያ ካልተሰጠ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእጅ ስሌት ዘመን

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውና በማዕድን ውኃዋ የታወቀችው አምቦ ዘመናዊ የግብርና ትምህርት የገባባት፣ የጣሊያን ወረራ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1947 የግብርና ትምህርት ቤት ሲከፈትባት ነው። ይህ ትምህርት ቤት በየዘመኑ ስሙንና ደረጃውን እየለወጠ፣ ኢንስቲትዩትና ኮሌጅ እየሆነ ቆይቶ፣ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ለሚባለው ተቋም መሠረት ሆኗል።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የግብርና ሙከራ ስሌት በሌላው ዓለም ትልቅ ለውጥ አድርጎ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1843 የተመሠረተው የሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ፣ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸውን የመስክ መዝገብ እንዲመረምርለት በ1919 ሮናልድ ፊሸር የተባለውን የስታቲስቲክስ ሊቅ ቀጥሮ ነበር። ማሳን በብሎክ ከፍሎ፣ የሚነጻጸሩትን ዝርያዎች ወይም የማዳበሪያ መጠኖች በየብሎኩ በዕጣ ደልድሎ፣ ሙከራውን ደጋግሞ ማካሄድ የሚጠይቀው ዘዴ ከዚያ ሥራ ወጥቶ በመላው ዓለም ተስፋፋ። ፊሸር ይህን ያደረገው ብቻውን አልነበረም፤ በጣቢያው የስታቲስቲክስ ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ በክፍሉም የሒሳብ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ ሠራተኞች ነበሩት። ጣቢያው በ1954 ኤሊዮት 401 የተባለውን ኮምፒዩተር ለግብርና ስሌት ባስገባ ጊዜም ማሽኑን የሚረከብ ክፍልና ሙያተኛ ቀድሞውኑ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህ ቅደም ተከተል፣ ማለትም ሰው ተደራጅቶ ማሽን መከተሉ፣ በኢትዮጵያ በኋላ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ልዩ ትርጉም ያገኛል።

በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር በአንድ ተቋም ሥር የተደራጀው በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በተቋቋመ ጊዜ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ ሥራውን ከጀመረባቸው ጣቢያዎች መካከል ሁለቱ በዚሁ መስመር ላይ ነበሩ። ሆለታ ለደጋ ሰብሎችና ለወተት ከብት፣ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ባኮ ደግሞ በተለይ ለበቆሎ ማዕከል ሆኑ። በጣቢያዎቹ የዕለት ሥራ ልኬቱን የሚወስደው ቴክኒካል አሲስታንቱ፣ በተለምዶ አጠራር ቲኤው፣ ሲሆን ቁጥሩ የሚሰፍረው ፊልድ ቡክ በሚባለው የመስክ ደብተር ላይ ነበር።

ይህ ሥራ ከውጭ ሲታይ ቀላል የጽሕፈት ሥራ ቢመስልም፣ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ ከአንድ የበቆሎ ሙከራ መደብ አሰባሰብ መረዳት ይቻላል። በቆሎ በሚሰበሰብበት ጊዜ የፍሬው እርጥበት ከመደብ መደብ ስለሚለያይ፣ ክብደቱ በቀጥታ አይነጻጸርም፤ ሁሉም ወደ 12.5 ከመቶ እርጥበት ተመልሶ ይሰላል። ከአንድ መደብ የተሰበሰበው ፍሬ 6 ኪሎ ግራም ቢመዝንና የእርጥበት መለኪያው 20 ከመቶ ቢያሳይ፣ ደረቁ ክፍል 80 ከመቶ በመሆኑ 6 በ80 ተባዝቶ ለ87.5 ይካፈላል፤ ውጤቱም 5.49 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በደብተሩ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከማስተካከያው በፊት ይሁን በኋላ ካልተጻፈ፣ ስሌቱን የሚሠራው ሰው ሁለት ስሕተት ሊሠራ ይችላል፤ ወይ 6ቱን እንዳለ ወስዶ ምርቱን ያጋንናል፣ ወይ የተስተካከለውን ቁጥር ዳግመኛ አስተካክሎ ወደ 5.02 ያወርደዋል። በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ያለው ርቀት አንድን ዝርያ ከሌላው ለማብለጥ ወይም ለመጣል በቂ ነው። ስለ ዳታ የሚያስረዳ ይህን የመሰለ ማብራሪያ ዛሬ ሜታዳታ ይባላል፤ በዚያን ዘመን ግን የሚኖረው በደብተሩ ኅዳግ ወይም በጸሐፊው ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ጸሐፊው በጡረታ ወይም በዝውውር ሲለይ አብሮት ይሄድ ነበር።

የአምቦ ላቦራቶሪና የባኮ ዝርያዎች

በ1970ዎቹ በአምቦ ሌላ የምርምር ተቋም ተጨመረ። ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመው የዕፅዋት በሽታ ሳይንሳዊ ላቦራቶሪ የስንዴ ዋግን የመሰሉ የሰብል በሽታዎችን የሚያጠና ሲሆን፣ በኋላ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሆኖ በአገሪቱ ዋና የዘርፉ መሥሪያ ቤት ለመሆን በቅቷል። የበሽታ ዳታ ከምርት ዳታ ይልቅ ለአያያዝ ያስቸግራል፤ ክብደቱ የሚለካው በሚዛን ሳይሆን በባለሙያው ዓይን ነውና። በአንድ ማሳ ላይ ስንት ተክል እንደታመመ የሚያሳየው ልኬት የበሽታው ስርጭት ሲሆን፣ የታመመው ተክል ምን ያህል እንደተጎዳ የሚያሳየው ደግሞ የበሽታው ክብደት ይባላል፤ ክብደቱም አንዳንድ ጊዜ በመቶኛ፣ አንዳንድ ጊዜ ከ0 እስከ 5፣ አንዳንድ ጊዜም ከ1 እስከ 9 በሚሄድ ደረጃ ይሰጣል። በአንደኛው ደረጃ 4 ማለት ክፉኛ የተጠቃ ሰብል ሲሆን በሌላኛው መካከለኛ ነው። ስለዚህ የትኛው ደረጃ አሰጣጥ ሥራ ላይ እንደዋለ ያልተጻፈበት የበሽታ ሠንጠረዥ፣ የቱንም ያህል ድካም ቢፈስበት፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ተመራማሪ አይናገርም።

በባኮ ደግሞ የበቆሎ ማዳቀል ሥራ ፍሬ ማፍራት ጀመረ። በአገር ውስጥ የዳበረው የመጀመሪያው ዲቃላ በቆሎ ቢኤች-140 በ1988 ተለቀቀ፤ በ1993 ደግሞ ዶክተር ቤንቲ ቶሌሳ ግንባር ቀደም ተሳታፊ የነበሩበት የባኮ የማዳቀል ሥራ ያስገኘው ቢኤች-660 ተከተለ፤ ይህም ዝርያ ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ በስፋት ከተዘሩት ዲቃላዎች አንዱ ሆነ። ቢኤች-660 በሦስት ወላጅ የሚገኝ ዲቃላ ሲሆን፣ አንደኛው ወላጅ 142-1-ኢ የሚል መለያ ያለው ንጹሕ መስመር ነው። ይኸው መስመር በ2011 ለተለቀቀው ለቢኤች-661ም ወላጅ ሆኗል። በሁለቱ ዝርያዎች መካከል 18 ዓመታት አሉ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያ መስመር ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር ሲዳቀል ምን እንደሰጠና በየትኛው ቦታ እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳው መዝገብ ከዘሩ ጋር መዝለቅ ነበረበት፤ መዝገቡ ቢጠፋ ኖሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀረው ታሪኩ የማይታወቅ ከረጢት ዘር ነበር። የዘር የትውልድ መዝገብን በትክክል መያዝ የማዳቀሉ አካል የመሆኑን ያህል፣ መዝጋቢውም የማዳቀሉ ተካፋይ ነው።

ማሽን መጣ፤ መደቡ ግን አልመጣም

በ1980ዎቹ ማይክሮ ኮምፒዩተሮች ወደ ኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ገቡ። በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የቁም እንስሳት ማዕከል፣ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከናይሮቢው አቻው ጋር ተዋሕዶ ኢልሪ የተባለው፣ የራሱ የኮምፒዩተርና የስታቲስቲክስ ክፍል ነበረው። ማዕከሉ ከእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትና ከሌሎች ተቋማት ጋር በጥቁር መሬት ላይ ያካሄደው የጋራ ፕሮጀክት፣ በግንጪ እንዳለው ውኃ የሚያቁር ኮትቻ ላይ ገበሬው እንዴት ቀድሞ ሊዘራ እንደሚችል ያጠና ነበር። በእንዲህ ያለ የጋራ ሥራ ልኬቱን የሚወስዱት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ሲሆኑ፣ የዳታ ማቀናበሪያ አቅሙ ይበልጡን በዓለም አቀፉ ማዕከል ይገኝ ነበር። ዳታ የሚሰበሰብበትና የሚቀነባበርበት ቦታ መለያየቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአካባቢው ምርምር መለያ ሆኖ ቆየ።

በጣቢያዎቹ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ኤምስታት የተባለው ፕሮግራም ነበር። በአሜሪካ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለግብርና ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በዶስ ሥርዓተ ክወና ላይ የሚሠራና አነስተኛ ኮምፒዩተር የሚበቃው በመሆኑ በታዳጊ አገሮች እጅግ ተወዳጅ ሆነ፤ በኢትዮጵያም ለብዙ ዓመታት የመመረቂያ ጽሑፎችና የምርምር ዘገባዎች በእርሱ ተሰልተዋል። ቀድሞ በእጅ ቀናት ይፈጅ የነበረው የልዩነት ትንተና፣ ማለትም በዝርያዎች መካከል የታየው ልዩነት እውነተኛ ይሁን የአጋጣሚ ለመለየት የሚደረገው ስሌት፣ በደቂቃዎች ማለቅ ጀመረ። ይሁን እንጂ ፍሎፒ ዲስክ ላይ የተቀመጠው ፋይል ዲስኩ ሲበላሽ፣ ወይም አዲስ የመጣው ኮምፒዩተር የዲስክ ማንበቢያውን ሲያጣ፣ አብሮ ይጠፋ ነበር። ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው ዳታን ማሻገር ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ ስላልታወቀ፣ ለዚያ ሥራ የተመደበ ሰው አልነበረም። ከ1960ዎቹ የተረፈው የወረቀት ደብተር ሊነበብ ሲችል፣ ከ1980ዎቹ የተረፈው ዲስክ የማይነበብበት ሁኔታ የተፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያ የማፍራት ጥረት ግን ነበር። በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በኢንፎርሜሽን ሳይንስ በሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ፤ ኢንተርኔት ደግሞ በ1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ ቀረበ። በዚያው ዓመት የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት እንደገና ተዋቅሮ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ሆነ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ተብሏል። በባኮ የክልሉ የግብርና ምርምር ማዕከልና የፌዴራሉ የበቆሎ ምርምር ማዕከል ጎን ለጎን የሚሠሩበት ሁኔታ የተፈጠረውም በፌዴራሉ ሥርዓት ውስጥ በተደረገው የኃላፊነት ክፍፍል ነው። እንዲህ ያለ የመዋቅር ለውጥ ሲመጣ ሕንፃ፣ መሬትና ተሽከርካሪ በርክክብ ሰነድ ይተላለፋል፤ የዳታ ርክክብ እንዲኖር ግን ዳታውን የሚያውቅ፣ ስሙ በመዋቅሩ ላይ ያለ ተረካቢ ያስፈልጋል።

በምርምር ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ይህን ክፍተት በከፊል የሞላው የባዮሜትሪ ክፍል ነበር። ባዮሜትሪ በዚህ አገባቡ ስታቲስቲክስን ለሕያዋን ነገሮች ጥናት የማዋል ሙያ ሲሆን፣ ባለሙያው ሙከራው ከመዘራቱ በፊት ስለ ንድፉ፣ ከተሰበሰበ በኋላም ስለ ትንተናው ያማክራል። ባዮሜትሪሽያን በተመራማሪነት ተመድቦ ከጀማሪ ተመራማሪ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሊያድግ መቻሉ፣ ለዳታ ሙያ መደብ መፍጠር የማይቻል አለመሆኑን ያሳየ ምሳሌ ነው። ሆኖም መሰላሉ ለአማካሪው ሲዘረጋ ለመዝጋቢው፣ ለዳታ አስተዳዳሪውና ለፕሮግራም ጸሐፊው አልተዘረጋም።

የዩኒቨርሲቲው ዘመን

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት በኢትዮጵያ በፍጥነት ተስፋፋ። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ገደማ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከዋናው ግቢ ሌላ በጉደር በማሞ መዘምር ግቢ፣ በወሊሶ ግቢ፣ እንዲሁም ቀድሞ አዋሮ ይባል በነበረውና ዛሬ በድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ስም በሚጠራው የቴክኖሎጂ ግቢ ሥራውን አስፋፋ። የኮምፒዩተርና የስታቲስቲክስ ትምህርት በዚያው ከተማ መሰጠቱ ለምዕራብ ሸዋ ምርምር ትልቅ ዕድል ነበር፤ የግብርና ዳታ የሚሰበሰብባቸው ጣቢያዎችና ያን ዳታ ሊያቀናብሩ የሚችሉ ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አካባቢ ተገናኙ። በዚሁ ዘመን አር የተባለው፣ በኒው ዚላንድ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን የተጀመረው ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተስፋፍቶ ስለነበር፣ ውድ የሶፍትዌር ፈቃድ የመግዛት አቅም የሌለው ተቋምም ዘመናዊ ትንተና ማካሄድ ቻለ። የአር ጥቅም በዋጋው ብቻ አያበቃም፤ ትንተናው በጽሑፍ ትእዛዝ ስለሚሠራ፣ ትእዛዙ ተቀምጦ በሌላ ሰው እንደገና ሊከናወንና ሊመረመር ይችላል።

በ2009 ከኦሎንኮሚ አካባቢ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በማሽላ ላይ ባደረጉት ምርምር የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በሱዳን በ1983 ከተለቀቀው ሐጊን ዱራ-1 ከተባለው ዲቃላ አንሥቶ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም እስከሚቋቋሙት ዝርያዎች ድረስ የዘለቀው ሥራቸው፣ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮችን ባሕርይ ለዓመታት ሳያቋርጥ ከሚያያይዝ መዝገብ ውጭ የሚታሰብ አይደለም። የምዕራብ ሸዋ ወጣት ተመራማሪ ከዚህ ታላቅ ምሳሌ የሚወስደው ትምህርት የግል ትጋት ብቻ ሳይሆን፣ ትጋቱን የሚያዘልቅ ተቋማዊ ሥርዓት አስፈላጊነትም ጭምር ነው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ በ2003 የወጣው ቁጥር 351፣ በ2009 የወጣው ቁጥር 650 እና በ2019 የወጣው ቁጥር 1152፣ ምርምርን ከማስተማር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ዋና ተግባር አድርገው ደነገጉ። የተቋማቱ ሠራተኞች ግን በመሠረቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ቀጠሉ። አካዳሚክ ሠራተኛው ከረዳት ምሩቅ እስከ ፕሮፌሰርነት በሚደርስ መሰላል፣ በማስተማር፣ በኅትመትና በማኅበረሰብ አገልግሎት እየተመዘነ ያድጋል፤ ድጋፍ ሰጪው ደግሞ በሲቪል ሰርቪሱ ደንብ፣ በኋላም ጄኢጂ በሚባለው የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ ይተዳደራል። የምርምር ዳታና ሶፍትዌር ባለሙያ የቆመው በእነዚህ ሁለት መሰላሎች መካከል ነው። ሥራው ምርምሩን መረዳትን ስለሚጠይቅ ተራ የአይቲ ድጋፍ አይደለም፤ ውጤቱ የኅትመት ጽሑፍ ሳይሆን ንጹሕ የዳታ ስብስብ ወይም የሚሠራ ፕሮግራም በመሆኑም ለአካዳሚክ ዕድገት አይቆጠርለትም። ስለሆነም ጎበዝ የኮምፒዩተር ምሩቅ በዩኒቨርሲቲ ሲቀር ሌክቸረር ሆኖ በማስተማር ይጠመዳል፤ ካልሆነም አዲስ አበባ ወዳሉት ባንኮች፣ ወደ ቴሌኮሙ ወይም ወደ ግል ድርጅት ይሄዳል።

የፕሮጀክት ዳታና የቀን አቆጣጠር

በ2010 እና በ2013 መካከል ከአምቦ ብዙም በማትርቀው የጀልዱ ወረዳ፣ በሜጃ ተፋሰስ፣ በኢልሪና በዓለም አቀፉ የውኃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት የሚመራ የናይል ተፋሰስ የምርምር ፕሮጀክት ተካሄደ፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲም ከተባባሪዎቹ አንዱ ነበር። ዝናብና የወንዝ ከፍታ በተፋሰሱ ውስጥ ሲለኩ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በልኬቱ ላይ ጥናታቸውን ሠሩ። በ2012 ደግሞ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓትን ጀምሮ፣ ከየወረዳው የተወሰደ የአፈር ናሙና በአገር አቀፍ ካርታ ላይ እንዲሰፍር አደረገ። እነዚህ ሥራዎች ዳታን ከጣቢያ አጥር አውጥተው በወረዳና በአገር ደረጃ ያያያዙ ቢሆኑም፣ በፕሮጀክት የሚሠራ ሥራ በባሕርዩ ማብቂያ አለው፤ በፕሮጀክት በጀት የተቀጠረው የዳታ ባለሙያም ውሉ ሲያልቅ ይሰናበታል፤ የወንዝ ልኬት ግን ጥቅሙ የሚጎላው ለ20 እና ለ30 ዓመት ሲቀጥል ነው።

በዚህ ዘመን ኤክሴል የዳታ መያዣ ሆኖ በየቢሮው ተስፋፍቶ ነበር፤ ከእርሱም ጋር ለኢትዮጵያ የተለየ አንድ ችግር ጎልቶ ወጣ። በአንድ የበቆሎ ሙከራ ሠንጠረዥ ላይ የመዝሪያ ቀን 06/10/2005 ተብሎ ቢገኝ፣ ይህ ቁጥር ሦስት ፍቺ ሊኖረው ይችላል። ወሩን በሚያስቀድም የአሜሪካ አጻጻፍ ሰኔ ውስጥ የሚውለው ጁን 10 ቀን 2005 ነው፤ ቀኑን በሚያስቀድም አጻጻፍ ኦክቶበር 6 ቀን 2005 ይሆናል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ደግሞ ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ.ም. ማለት ሲሆን፣ እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁን 13 ቀን 2013 ላይ ይውላል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሁለቱም በመዝሪያ ወቅት ስለሚውሉ ስሕተቱ በዓይን አይታወቅም፤ ነገር ግን የዝናብ መዝገቡን ከሙከራው ጋር የሚያያይዘው ተመራማሪ የስምንት ዓመት ልዩነት ያለውን ዝናብ ከተሳሳተ ምርት ጋር ሊያጣምር ይችላል። ከዚህም ሌላ ኤክሴል 13ኛ ወር ስለማያውቅ የጳጉሜን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። አቆጣጠሩን ለይቶ የሚጠይቅ ቅጽ የሚያዘጋጅ፣ የሚቀይር ፕሮግራም የሚጽፍና የቆዩትን ሠንጠረዦች ከደብተር ጋር እያመሳከረ የሚያርም ሰው የግድ አገሩን፣ ሰብሉንና ፕሮግራሙን አጣምሮ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ይህን ከውጭ በሚመጣ ሶፍትዌር ብቻ መተካት አይቻልም።

በዚሁ ዘመን የጤናው ዘርፍ የተለየ መንገድ ተከተለ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የጤና መረጃ ሥርዓቱን ሲያሻሽል፣ የመረጃ ሥራውን በነርሶችና በጤና መኮንኖች ላይ እንደ ተጨማሪ ሸክም ከመጫን ይልቅ የጤና መረጃ ቴክኒሻን፣ በአጭሩ ኤችአይቲ፣ የሚባል ሙያ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አማካይነት ፈጠረ፤ ለሙያውም ሥርዓተ ትምህርት፣ መደብና የሥራ ዝርዝር ተዘጋጀለት። የአገሪቱ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በኋላ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሲቀበሉ ሥርዓቱን የሚረከብ ሙያተኛ ነበራቸው። ሮታምስቴድ በ1954 ያሳየችው ቅደም ተከተል፣ ሰውን አስቀድሞ ማሽንን ማስከተል፣ በኢትዮጵያም ሊሠራ እንደሚችል የጤናው ዘርፍ በተግባር አረጋገጠ።

ሙያው ስም ያገኘበት ዘመን

በሌላው ዓለም በተመሳሳይ ችግር ውስጥ የነበሩ ባለሙያዎች መደራጀት ጀመሩ። በ2010 በእንግሊዝ የሶፍትዌር ዘላቂነት ተቋም ተመሠረተ፤ በ2012 ተቋሙ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ያለ መደብ ፕሮግራም የሚጽፉ ተመራማሪዎች የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ የሚለውን መጠሪያ አነሡ። ከዚያ የተነሣው እንቅስቃሴ ወደ ማኅበርነት አድጎ በ2019 ሕጋዊ የሙያ ማኅበር ሆነ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ቋሚ ክፍል፣ ደረጃ ያለው መደብና የዕድገት መስፈርት እንዲወጣ አስቻለ። በአፍሪካም ከ2020ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የምርምር ሶፍትዌርና ሲስተም መሐንዲሶች ስብስብ ተቋቁሟል። በዳታ በኩል ኢልሪ አባል የሆነበት የዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከላት ኅብረት በ2013 ዳታው ክፍት እንዲሆን ፖሊሲ አወጣ፤ በ2016 ደግሞ የምርምር ዳታ በቀላሉ የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላ ዳታ ጋር የሚጣጣምና ዳግም ጥቅም ላይ የሚውል እንዲሆን የሚጠይቁት ፌር የተባሉት መርሆች ታተሙ።

ይህ አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ሥር ከያዘባቸው መስኮች አንዱ የአፈርና የአግሮኖሚ ምርምር ነው። በ2018 የተለያዩ ተቋማት ባለሙያዎች በፈቃደኝነት ተሰባስበው የአፈርና የአግሮኖሚ ዳታን በጋራ ለማሰባሰብና ለመጋራት ጥምረት ፈጠሩ። ሆለታና አምቦ ባሉ የምርምር ማዕከላት፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በግለሰብ ተመራማሪዎች ኮምፒዩተር ውስጥ ተበታትነው የኖሩትን ዓይነት ውጤቶች፣ ማለትም ሰብል ለማዳበሪያ የሚሰጠውን ምላሽ የሚያሳዩ የቆዩ ሙከራዎችን፣ ከመላ አገሪቱ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ የግብርና ሚኒስቴርም የዳታ መጋራት መመሪያ ተቀበለ። የዚህ ጥምረት ታላቅ አስተዋጽኦ ዳታ ሊጋራ የሚችለው ሰብሳቢው ምስጋናና ዕውቅና እንደሚያገኝ ሲተማመን መሆኑን ማሳየቱ ነው። በ2019 ደግሞ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቆ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ናድሬ በተባለው ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ የዳታና የሶፍትዌር ባለሙያ ጥያቄው ይበልጥ ተጠናክሯል። በ2020 ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ ጸደቀ፤ በ2024 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶ፣ ስለ ገበሬዎች፣ ስለ ታካሚዎችና ስለ ተማሪዎች የተሰበሰበ ዳታ በሕግ አግባብ እንዲያዝ ግዴታ ጣለ፤ በዚያው ዓመት የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተጀምሮ ብዙ ወጣቶች የፕሮግራም አጻጻፍን መሠረታዊ ዕውቀት እንዲያገኙ ዕድል ከፈተ። ፖሊሲው፣ ሕጉና ሥልጠናው ሁሉም በየፊናቸው አንድ ባለሙያ እንዲኖር የሚጠይቁ ናቸው፤ የሠለጠነው ወጣት ግን አምቦ፣ ሆለታ ወይም ባኮ ላይ የሚቀጠርበትና የሚያድግበት የምርምር መደብ ካላገኘ፣ ዕውቀቱ ምርምሩን ሳያገለግል ወደ ሌላ ዘርፍ ያልፋል።

ታሪኩ የሚጠይቀው

ከ1947 እስከ ዛሬ የዘለቀው ይህ ጉዞ ሲጠቃለል፣ በእያንዳንዱ ምዕራፍ የጠፋው ነገር በምን ምክንያት እንደጠፋ ግልጽ ነው። የወረቀት ዳታ ማብራሪያውን ያጣው ጸሐፊው ሲለይ ነው፤ የፍሎፒ ዳታ የቀረው የሚያሻግረው ስላልተመደበ ነው፤ የፕሮጀክት ዳታ የሚበተነው የባለሙያው ውል ከፕሮጀክቱ ጋር ስለሚያልቅ ነው። የተረፈው ደግሞ የተረፈው ኃላፊነቱን እንደ ራሱ ጉዳይ ያየ ሰው ስለነበረ ነው፤ የ142-1-ኢ የትውልድ መዝገብ ከአንድ ዝርያ ወደ ሌላው የተሻገረው ተከታታይ ትውልድ መዝጋቢዎችና አዳቃዮች በአንድ ቦታ ስለቆዩ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ከታሪኩ ውስጥ የሚወጣ እንጂ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። የባዮሜትሪ ክፍል ለአማካሪው የዘረጋው የተመራማሪ መሰላል ለዳታ ስቲዋርዱና ለምርምር ሶፍትዌር መሐንዲሱም ሊዘረጋ ይችላል፤ የጤናው ዘርፍ ለኤችአይቲ እንዳደረገው ለእነዚህም ሙያዎች የሥራ ዝርዝርና መደብ በሲቪል ሰርቪሱ ምዘና ውስጥ ሊሰፍር ይችላል። የዩኒቨርሲቲ የዕድገት መመዘኛ፣ በናድሬ የተቀመጠንና ሌሎች የተጠቀሙበትን የዳታ ስብስብ ወይም ፕሮግራም እንደ ኅትመት ሊቆጥረው ይገባል። እያንዳንዱ የምርምር ፕሮጀክት ሲጸድቅ ለዳታ አያያዝ የሚውል በጀት በግልጽ ሊያዝለት፣ የዳታው ተረካቢም ከጅምሩ ሊታወቅ ይገባል። በአንድ አውራ ጎዳና ላይ የተሰለፉት የሆለታ፣ የአምቦና የባኮ ተቋማት ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባለሙያ ብቻውን ከሚያኖሩ ይልቅ፣ የሚማማር፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው የሚረከብና ለወጣት ምሩቃን ሥልጠና የሚሰጥ የጋራ የሙያ ቡድን ማደራጀት ይችላሉ። ይህ ሲሆን በዚህ ዓመት በባኮ ማሳ የሚመዘነው በቆሎ፣ በአምቦ ላቦራቶሪ የሚመረመረው ዋግና በጀልዱ የሚለካው ዝናብ ከ30 ዓመት በኋላ ለሚነሣ ጥያቄም መልስ ሊሰጥ ይበቃል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ቀዳሚ ነገር ለባለሙያው ስም፣ መደብና የወደፊት ተስፋ መስጠት ነው።